ስድስት ኮምፒዩተርና አንድ መርዶ

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ያለው፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረሙ? ክረምቱን እንዴት አሳለፉት? እኛ ቤተ ዘመዶችዎ የፈጣሪ ስሙ ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። እናትዎ አክስቴ እማዋይሽ ለመስቀል ከጅጋ መጥተው እኔ ዘንድ ጥቂት ሰንብተው ተመለሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አንደበታቸው እንደ ድሮው ነው። የቤቴን ጥበት፣ የጸጉሬን አሠራር፣ ባል አለማግባቴን አንድ በአንድ ተናግረውኝ ነው የሄዱት።

እጮኛዎ ተናኜም ደህና ናት። ቃል ያለባት መሆኗን አገሩ እያወቀ እንኳ ሽማግሌ የሚልክ አይጠፋም፤ አባቷ «ልጃችን የሰው ናት» ብለው ይመልሳሉ። ከሐምሌ ወዲህ እኔ ወደምሠራበት ማሠልጠኛ ገብታ በኮምፒዩተር መጻፍ እየተማረች ነው። ምን አስጀመረሽ ብላት «ለያለው ደብዳቤዬን በኮምፒዩተር ብጽፍለት ደስ ይለዋል» አለችኝ። ለልምምድ የምትጽፈው ሁልጊዜ የእርስዎን ስም ነው። ዝም እላታለሁ፤ ጣቷ ይፍታታ።

ወደ ችግሬ ልምጣ። የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ ታከለ በእኔ ምክር ስድስት አዲስ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡ። ሁሉም ቪስታ የሚባለው አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የመጡ ናቸው። የአማርኛ መጻፊያችን ደግሞ ቪስታ ላይ ሲከፈት ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሣጥን ያደርገዋል፤ ማተሚያውም አላውቅህም አለው። ለእኛ የሚሆነን የድሮው ኤክስፒ ብቻ ነው፤ ያለን ሲዲ ግን ተጫጭሮ አያነብም። እርስዎ እዚያ ኮምፒዩተር መጠገኛ ቤት ስለሚሠሩ አንድ ደህና ሲዲ ይላኩልኝ፤ አዲሱን አንሥቼ አሮጌውን የምጭንበትንም መንገድ ይጻፉልኝ። አቶ ታከለ «አንቺ ነሽ ያስገዛሽኝ፣ አንቺው አሠሪያቸው» ብለው ፊታቸውን አጥቁረውብኛል።

አክባሪ እኅትዎ
ሠርክአዲስ


ሃምቡርግ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለሠርክአዲስ፤

የአገራችን ታቦት ጥላው አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጀምሯል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ከት ብዬ ሣቅሁ። ሰው አዲስ ይዞ አሮጌ ይለምናል? እዚህም አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ደንበኛ ይመጣል፤ አብዛኛው ጡረተኛ ነው። ቢሆንም እኅቴ ነሽና ሲዲውን ልኬልሻለሁ። ኮምፒዩተሩን ስታስነሺ ሲዲው ውስጥ ይሁን፤ ቁልፍ ተጫኚ ሲልሽ የሆነውን ተጫኚ። የዲስኩ ክፍልፋዮች ሲመጡልሽ የቪስታውን አጥፊና አዲስ ክፈቺ፣ ፎርማት አድርጊው፣ ከዚያ ራሱ ይጨርሳል። ቪስታው ተመልሶ አይገኝም፤ የምትፈልጊው ነገር ካለ አስቀድመሽ አውጪ። ይህን ሕፃንም ይሠራዋል።

ተናኜ ስሜን መለማመዷን ትታ ሌላ ቃል ብትሰጫት ይሻላል። የአማርኛ ቃል ጠፍቶ ነው? ለመሆኑ ስለ ሠርግ ታነሣለች? ወንድሞቿስ አሁንም ያን ጠባያቸውን አልተዉም? እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ያለው


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ያለው፤

እንዴት ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት አረገዎት? ሲዲው በሰላም ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ግን ወይ ጣጣ! እንዳሉት አደረግሁ። ኤክስፒው ይጀምርና፣ ሰማያዊ ገጽ ላይ ብዙ ሲጭን ቆይቶ፣ «በዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ሃርድ ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ቪስታ በዚያው ዲስክ ላይ ሲሠራ እያየሁት! በስድስቱም ሞከርሁ፣ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ፈትቼ ውስጡን አየሁት፤ ዲስኩ ቁጭ ብሏል። አንድ ባለሙያ ከቡሬ አስመጣን፤ እሱም ሲገለባብጠው ውሎ «ዲስኩ ፎርጅድ ነው» አለ። አቶ ታከለ እኔ ከሻጩ ጋር የተመሳጠርሁ መሰላቸው። ለጥምቀት ካልሠሩ የቡሬውን ልጅ በወንበሬ ሊያስቀምጡት ነው፤ ፊት ለፊት ነገሩኝ። ይኸ ወንበር ከሄደ ይቺን ከተማ ለቅቄ እናቴ ጓዳ መግባቴ ነው፤ ያንን ደግሞ ከሞት አልለየውም።

የተናኜ ወንድሞች እንደሚያውቋቸው ናቸው፤ ከጠመንጃቸው አይለዩም። እሷ ስለ ሠርግ አታነሣም። «ይመጣል» ብቻ ነው የምትለው።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሠርክአዲስ


ሃምቡርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ፤

ለአንቺ ያለኝ ሰላምታ ከጤፍ ይብዛ።

የቡሬው ባለሙያሽን እግዜር ይማረው። ዲስኩ ደህና ነው። ኤክስፒ ሲሠራ እንዲህ ያለው የዲስክ አያያዝ ገና አልተለመደም ነበር፤ ስለዚህ አያየውም። ግን ማሽኑ እንደ ድሮው ሆኖ እንዲታየው ማድረግ ይቻላል። አንዲት መስመር መቀየር ብቻ ነው። የትኛውን ቁልፍ፣ የትኛውን ገጽ፣ የትኛውን መስመር ብዬ እዚሁ ልጽፍልሽ እችል ነበር። አልጽፍም። አስቀድሞ አንቺ ለእኔ የምታደርጊልኝ ነገር አለ።

ሳምሪ የምትባል፣ እዚሁ ያደገች የጎንደር ልጅ አለች። ለግንቦት እንጋባለን። የተናኜን ነገር አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈልግም። ተናኜን ትቻታለሁ ብዬ ሽማግሌ ብልክ የሚከተለውን ታውቂዋለሽ። ወንድሞቿ ንቀት ይሉታል፤ ወንድሜ ክንዱ ደግሞ የእርሻ ድንበርተኛቸው ነው፤ አንድ ቀን ይተኩሱበታል። ብዙ አሰብሁበት። ሞቷል በያት። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሬሳ አምጡ የሚል የለም። «አብሮት የሚሠራ ሐበሻ ጻፈልኝ፤ መኪና ገጭቶት እዚያው ተቀበረ» በዪ። በሞተ ሰው ማን ይቀየማል? አልቅሳ ይወጣላታል፤ ባልም ታገባለች። ለእናቴ ብቻ አስቀድመሽ በጆሮዋ ሹክ በያት፤ እሷ ምስጢር ታውቃለች።

መነገሩን ጻፊልኝና መስመሯን በሚቀጥለው ፖስታ እልክልሻለሁ። ስልክ አትደውዪ፤ ቁጥሬን ቀይሬአለሁ።

ድንግል ትጠብቅሽ።

ያለው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ ያለው፤

ሰላምታውን ላሳጥረው።

ምነው! ምነው ጋሼ! ምን ሲደረግ ነው እኔ በቁሙ ያለ ሰው ሞተ የምል? ደብዳቤዎን ስከፍት ተናኜ አጠገቤ ነበረች። ፖስታውን ስታይ ፊቷ በርቶ «ስለ እኔ ጠየቀ?» አለችኝ። ጠይቋል አልኋት። ወረቀቱን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትሁት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ካልፈለጓት አልፈልግም ይበሉ። ሰው ቃሉን ሲያፈርስ ፊት ለፊት ያፈርሳል። ሽማግሌ ይላኩ፤ አባቷ ደህና ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸውን ይይዛሉ። እሱም ካስፈራዎ በእጅዎ ጽፈው ይላኩላት፤ እኔ አነብላትና አብሬያት አለቅሳለሁ። መርዶ ግን! ለዚያውም ለኮምፒዩተር!

ስለ እኅትነቴ፣ ስለ ጠጣነው የእናትዎ ጡት ብለው መስመሯን ይላኩልኝ። ለእርስዎ ምንም አይደለችም።

ሠርክአዲስ


ሃምቡርግ፣ ጥር 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሠርክአዲስ፤

ክብርሽን አደነቅሁ። እንዲህ ያለ ክብር ያላት ልጅ ወንበር ቢቀርባትም ቆማ ትኖራለች።

ሌላም መንገድ አለልሽ። መጫኑ ሲጀምር ኤፍ ስድስትን ተጫኚና የዲስኩን ማስተዋወቂያ በፍሎፒ አስገቢለት። አዲሶቹ ማሽኖች የፍሎፒ ማስገቢያ የላቸውም እንጂ ደህና ዘዴ ነበር።

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። አቶ ታከለን ሰላም በዪልኝ። የቡሬውንም ልጅ።

ያለው


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ ያለው፤

ተነግሯል። ደስ ይበልዎት።

በጥምቀት ማግሥት ሥራ ስገባ የቡሬው ልጅ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አቶ ታከለ ቀና ብለውም አላዩኝ፤ በስንት ልመና እስከ መጋቢት መጨረሻ አቆዩኝ። እኔም ሰው ነኝ፤ ፈራሁ። ለእሷስ ቢሆን ዕድሜዋን በሙሉ ከምትጠብቅ አልቅሳ ቢወጣላት አይሻልም ወይ ብዬ ራሴን አሞኘሁ። የእርስዎን ቃል በራሴ አፍ ስናገረው ልክ መሰለኝ።

አርብ ለእናትዎ ሹክ ልል ጅጋ ብወርድ የሉም፤ ለክርስትና ፈረስ ቤት ከተማ ሄደዋል። እመጣለሁ ብዬ ነበርና እጄ ባዶ መመለስ አልሆነልኝም። የነፍስ አባታቸውን ቄስ ይርሳውን አገኘሁና እንዳዘዙኝ ተናገርሁ፤ ለተናኜ አባት እንዲያረዱልኝ ብቻ። ቄሱ ፊታቸውን አማትበው «ወላጅ ሳይረዳ ለእጮኛ የሚረዳው በየት አገር ነው?» አሉኝ። ይኸን እኔም እርስዎም እንዴት እንደረሳነው! ለሽማግሌዎቹ ወዲያው ነገሩ። አክስቴ ቅዳሜ ማታ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ቤታቸውን ሞልቶ እያጫወተ አቆያቸው። ጆሮአቸው ጋ ልጠጋ ስል ሴቶቹ «ፊትሽ ያስታውቅብናል» ብለው እጄን ይዘው ከቤት አስወጡኝ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ በራቸውን አንኳኩ። እኔ ከኋላ ነበርሁ። ነጠላቸውን ሳይደርቡ ወጥተው የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «የትኛው ነው? ክንዱ ነው ወይስ ያለው?» አሉ። ሲነገራቸው አልጮኹም። «ማን አፈር አለበሰው? ባዕድ?» ብለው መሬት ተቀመጡ። ጩኸቱ የመጣው በኋላ ነው።

የተማሪ ቤት ኮትዎንና ሬዲዮዎን ለቅሶው ሜዳ አወጡት። ተናኜ ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷን ነጭታ ደም አድርጋዋለች። ወንድሞቿ ለእርስዎ ጥይት ተኩሰው አለቀሱ። ቄሶቹ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ፈቱ፤ ቁጣው ከመጣ የሚመጣው በእኔ ነው።

መስመሯን ይላኩ። ለእናትዎም በክንዱ ስልክ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይደውሉ፤ ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ሠርክአዲስ


ሃምቡርግ፣ የካቲት 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለብልኋ እኅቴ፤

እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ። ነፍሴን ይማር እንበል እንግዲህ!

ቃሌን አላጥፍም። ማሽኑ እንደበራ ኤፍ ሁለትን ተጭነሽ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ግቢ። ሳታ የሚል መስመር ታገኛለሽ፤ ከጎኑ ኤ.ኤች.ሲ.አይ ይላል። እሱን አይ.ዲ.ኢ አድርጊው። ኤፍ ዐሥርን ተጫኚ፣ አስቀምጠሽ ውጪ፣ ሲዲውን አስገቢ። ዲስኩ ይታያል። አየሽ፣ ይኸው ነው። ሻይሽ ሳይበርድ ትጨርሺዋለሽ።

መደወል አልችልም። ቤቷ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ አንዱ ድምፄን ቢሰማ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ሰዉ ሲጎድልላት አሁንም ሹክ በያት። ሐዘን ያልፋል፤ ማንም በሐዘን ሞቶ አላየሁም። የተናኜ ወንድሞች ግን መተኮሳቸው ደስ አለኝ። አየሽ፣ ክንዱን አተረፍሁት።

ያለው


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2001 ዓ.ም.

ያለው፤

ጋሼውን ትቼዋለሁ፤ አንቱታውንም።

እንዳልኸው ሠራ። ስድስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቁ። አቶ ታከለ ለስላሳ ጋበዙኝ፤ የቡሬው ልጅ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ከአዲሶቹ ማሽኖች መጀመሪያ የወጣው ወረቀት ምን እንደሆነ ልንገርህ? የተዝካርህ መጥሪያ ነው። ሁዳዴ ስለነበረ ለዳግም ትንሣኤ ማግሥት ተላልፎ ነበርና ክንዱ ሊያሳትም መጣ። እኔ ልጽፈው ስቀመጥ ተናኜ «ተነሽልኝ» አለችኝ። በተላጨ ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ ጻፈችው። አንድ ፊደል አልሳተችም። ማተሚያው ሲያወጣው እየተቀበለች ስትደረድር አየኋት።

እናትህን ብቻቸውን አግኝቼ ነገርኋቸው። አለ፣ ደህና ነው፣ ውሸት ነበር አልኋቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? ጉንጬን ይዘው «አንቺ ደግ ልጅ ነሽ። እንዲህ እያላችሁ ልታቆዩኝ ነው፤ ገብቶኛል» አሉኝ። ማልሁላቸው። «አትማዪ፤ ለእኔ ብለሽ ነፍስሽን አታጉድዪ» አሉ። ለተዝካርህ በሬያቸውን አርደው ሰዉን ሁሉ ቆመው አበሉ። ምግብ አይወርድላቸውም፤ ከስተዋል።

አንድ ጊዜ ደውል። ድምፅህን ይስሙ። አንተ ሰው ከሆንህ ደውል!

ሠርክአዲስ


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእኅቴ፤

ቁጣሽን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ስለ ደከምሽ ነው። ሠርጋችን ባለፈው እሑድ በሰላም ተፈጸመ። ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ከጀርባው ቀኑ አለበት። እናቴ ካየችው ታምናለች፤ ስልኩም አያስፈልግም።

ለመስከረም ሳምሪን ይዤ እመጣለሁ፤ አገር ልታይ ጓጉታለች። እስከዚያ በዘዴ አስወሪልኝ፤ የሞተው ሌላ ያለው የሚባል ሐበሻ ነው፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው በዪ። ሰው ከሐዘን ወደ ደስታ ሲዞር አይመረምርም። ተናኜን ቶሎ የሚያገባት ብታፈላልጊላት ለሁላችንም ጥሩ ነው። እናቴ ለሳምሪ የአገር ቀሚስ ታሠራላት፤ ቁመቷ ካንቺ ትንሽ ይረዝማል። ቤቱንም ትለስነው።

ያለው


ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ያለው፤

ፎቶውን ለእናትህ ወሰድሁላቸው። በር ላይ ብርሃን ፈልገው ቆመው አዩት። ከጀርባው ያለውን ቀን አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ነው?» አሉ። አዎ አልኋቸው። በጣታቸው ፊትህን ዳሰስ አደረጉት። «ወፍሯል» አሉ። ሴቲቱን አይተው «መልከ መልካም ናት» አሉ። እንግዲህ እልል ይላሉ፣ ይወድቃሉ ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አንድም አላደረጉ። «ይኸን ያየ ሌላ ማነው?» አሉኝ። ማንም አልኋቸው። ምድጃው ውስጥ ከትተው እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አዩት።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ጠየቁኝ። መስመሯንም፣ ወንበሬንም፣ ምንም አልደበቅሁም። አልሰደቡኝም። «አንቺን በኋላ እደርስብሻለሁ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ ደጃቸው እንዳይደርስ ከልክለውኛል፤ ይኸን ለመጻፍ ብቻ ነው ያስጠሩኝ።

በማግሥቱ ከላቸውን እንደለበሱ የተናኜ አባት ዘንድ ሄዱ። «ልጄ ሞቷል። ልጃችሁ አጉል እንዳትቀር፤ ዳሯት» አሉ። ከሽንዲ አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ለጥር ተቀጥሯል። በሠርጉ ከሙሽሪት እናት ጎን የሚቀመጡት አክስቴ እማዋይሽ ናቸው። ተናኜ በሕይወት መኖርህን አታውቅም፤ እንዳትሰማም እናትህ ለክንዱ እውነቱን ነግረው እሱንም እኔንም በቄስ ይርሳው መስቀል አስምለውናል።

ለመስከረም እመጣለሁ ማለትህንም ነገርኋቸው። የሚከተለውን እየነገሩኝ ጻፍሁ፦

«ልጄ ያለው ደግ ልጅ ነበር። በሰው አገር መኪና ገጭቶት ሞተ። አልቅሼለታለሁ፣ ቄስ ፈትቶታል፣ አገሩ በሬዬን በልቶ ነፍስ ይማር ብሏል። አንተን አላውቅህም። በልጄ ስም ደጄ ብትመጣ፣ የሙት መልክ ይዞ የሚዞር አታላይ ነው ብዬ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ክንዱም ወንድሜ አይደለም ይላል። የተናኜ ወንድሞች ቅርብ ናቸው።»

ሌላ እንዳትጨምሪበት አሉኝ።